ገበጣን በ4 ኪሎባይት፦ የቀድሞዎቹ ጌም ጸሐፊዎች የተገሩበትን መንገድ አራት ኪሎ ላይ መድገም

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ኬን ቶምሰን የተባለ ፕሮግራመር በፀሐይና በፈለኮቿ መካከል መንኮራኩር የሚያበርር ጌም ጻፈ። ጌሙ የሚሠራበት ትልቅ ኮምፒውተር ለአንድ ዙር ጨዋታ የሚበላው የማሽን ጊዜ ወደ 75 ዶላር ይደርስ ስለነበር፣ ቶምሰን ብዙ ሰው የማይፈልገውን ፒዲፒ-7 የሚባል አነስተኛ ማሽን አገኘና ከባልደረባው ከዴኒስ ሪቺ ጋር ጌሙን እዚያ ላይ እንደ አዲስ ጻፉት። ቀድሞ የተሠራ ሶፍትዌር አልተጠቀሙም። የክፍልፋይ ቁጥር ስሌቱን፣ ስሕተት መፈለጊያውን፣ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ፊደላት ሳይቀር ነጥብ በነጥብ ራሳቸው ሠሩ። ቶምሰን በዚህ ማሽኑን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ እዚያው ላይ የጀመረው ሌላ ሥራ ዩኒክስ ሆነ። ኪሳችን ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ የቆመበት ሊኑክስ የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ የተጻፈ ነው።

በዚያ ዘመን ጌም የጻፉ ብዙ ሰዎች የሕይወታቸው መስመር የተቀየረው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ማሽኑ ጠባብ ነበር፤ አንድ ሰው ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ብቻውን ይጨርሳል፤ ሲጨርስ የማያውቀው ጥግ አይኖርም። እኛ ይህን ትምህርት ዛሬም ማግኘት ይቻላል እንላለን፣ አዲስ አበባ መሃል ሆኖም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለሦስት ሰዎች፣ ለአንድ ያገለገለ ላፕቶፕና ለ6 ሳምንት የተዘጋጀ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ 2 ሰዓት ይበቃል። የሚሠራው ጌም ገበጣ ነው፣ ገደቡም 4096 ባይት፣ ማለትም 4 ኪሎባይት፤ አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚይዝ የማሽን ማስታወሻ ቦታ ነው። አታሪ የተባለው ድርጅት የሠራው 2600 የሚባል የቤት ጌም ማሽን ካርትሪጅ በመጀመሪያው ዘመን ከዚህ በላይ አይዝም ነበር።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ላፕቶፑ ደካማ ቢሆን ግድ የለም፤ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ይበቃል። መርካቶም ሆነ ፒያሳ ያገለገለ ስትገዙ ሦስት ነገር እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትሹ። አንደኛ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ 30 ደቂቃ አሠሩት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው አልቋል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የጻፋችሁት ሁሉ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ኪቦርዱ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ምቱ፤ በተለይ የቁጥሮቹን ረድፍ፣ ነጠላ ሰረዝን፣ የትምህርተ ጥቅስንና የቅንፍን ቁልፎች፤ ጌሙን በምንጽፍበት ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ካለነሱ አንድ መስመር አይጻፍም። ሦስተኛ፣ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ «100–240 ቮልት» ካላለ አትውሰዱት። አሮጌ ዴስክቶፕ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከኋላው ፓወር ሰፕላዩ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል። 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ወደ 230 ገፍታችሁ ሰኩት።

ሶፍትዌሩ ፒሲ-ቤዚክ (PC-BASIC) ይባላል፤ ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹን ጂደብልዩ-ቤዚክ (GW-BASIC) በትክክል ይመስላል፣ ማስጠንቀቂያዎቹም ስሕተቶቹም እንደዚያው ናቸው። ቤት ኢንተርኔት ከሌለ ሌላ ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ስትከፍቱት ስንት ባይት ነፃ እንዳለ ይነግራችኋል፤ በመደበኛ አከፋፈቱ 60300 ነው። ከዚህ 4096 ስትቀንሱ 56204 ይመጣል። ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፉት። ኤፍ-አር-ኢ (FRE) የሚባለው ተግባር፣ ቅንፍ ውስጥ ዜሮ ሰጥታችሁ በፕሪንት (PRINT) ስታወጡት፣ የቀረውን ባይት ያሳያል። ጌሙ ከተጫወታችሁበት በኋላ ይህ ቁጥር ከ56204 በታች ከወረደ ገደቡ ታልፏል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ካሬ ካሬ የተሰመረ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ 48 ፍሬ ሽምብራ፣ እና የገበጣ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሰሌዳ ከሌለ የ30 እንቁላል ካርቶን ግዙ ወይም ለምኑ፤ 5 በ6 ስለሆነ ሁለቱን ረድፍ ቆርጣችሁ ስታወጡ 12 ጉድጓድ ይሆናል።

ከማሽኑ በፊት ወረቀት

በመጀመሪያው ሳምንት ላፕቶፑ አይከፈት። ይህን የምንለው ለማጥበቅ አይደለም። ስቲቭ ዎዝኒያክ ለአፕል ኮምፒውተር የጻፈውን ቤዚክ በእጁ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወደ ማሽን ቁጥር የለወጠውም በእጁ ነበር፤ ሥራውን የሚያቀልለትን የኮምፒውተር አገልግሎት የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። ያንን ቤዚክ ሲጽፍ ዓላማው ጌም ነበር። ከዚያ ቀደም ለአታሪ ግድግዳ በኳስ የሚሰበርበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን ብሬክአውት የተባለ ጌም በሽቦና በቺፕ ሠርቶ ነበርና፣ ይህንኑ በሶፍትዌር መሥራት ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው አፕል 2 ኮምፒውተር ላይ ቀለሙ፣ ድምፁና በእጅ የሚዞረው መቆጣጠሪያ የገቡት ለዚህ ጌም ሲባል እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

የገበጣ ሕግ እንደ አገሩና እንደ ቤቱ ይለያያል፤ ሦስት ረድፍ የሚጫወቱም አሉ። ሦስታችሁ የተለያየ ሕግ ይዛችሁ ከመጣችሁ ሁለት ቀን ክርክር ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ጌም ይህን ያዙ። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ሙሉውን አንሥቶ በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ እያደለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች እዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል። ባዶ ላይ ካረፈች ተራው አበቃ፤ ባዶው ጉድጓድ የራሱ ረድፍ ከሆነ ደግሞ ያቺን ጠጠርና ፊት ለፊት ያለውን ይበላል። ተራ ደርሶት በረድፉ ምንም ጠጠር የሌለው ሰው ካለ የቀረውን ሌላው ይወስዳል። ከ24 በላይ የሰበሰበ አሸነፈ።

ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ቁጠሯቸው፤ ከ0 እስከ 5 የአንዱ፣ ከ6 እስከ 11 የሌላው። ከ1 መጀመር ይቀላል የሚል ሰው ይኖራል። ከ0 የሚጀመረው ለሁለት ስሌት ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ «አንድ ደምር፣ ለ12 አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ» ይሆናል፤ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ «11 ሲቀነስ ይህ ጉድጓድ» ነው። የ0 ፊት ለፊት 11፣ የ5 ፊት ለፊት 6። ከ1 ከጀመራችሁ ሁለቱም ስሌት ይለወጣል፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮችም አይገጥሙም።

አሁን ሽምብራውን ደርድሩና ከጉድጓድ 0 ጀምራችሁ አንድ ተራ በእጃችሁ ተጫወቱ። 4ቱ ጠጠሮች ጉድጓድ 4 ላይ ያልቃሉ፤ እዚያ ያሉትን 5 ታነሣላችሁ፤ 9 ላይ ያልቃሉ፤ እዚያም 5፤ 2 ላይ ያልቃሉ፤ 6 ታነሣላችሁ፤ 8 ላይ ያልቃሉ፤ እዚያም 6፤ የመጨረሻዋ ባዶ ሆኖ የቆየው ጉድጓድ 2 ላይ ታርፋለች። በጠቅላላው 26 ጠጠር ታድሏል። ከመብላታችሁ በፊት ሰሌዳው ከ0 ጀምሮ ሲነበብ 2፣ 7፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6፣ 6፣ 6፣ 0፣ 1፣ 6፣ 6 ነው። ጉድጓድ 2 የራሳችሁ ስለሆነ፣ ፊት ለፊቱ ያለው 9 ውስጥ ያለችውን 1 ጠጠር ከራሳችሁ 1 ጋር ትወስዳላችሁ፤ 2 በላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ 46 ቀረ። ይህን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጡት። ኮዳችሁ ሲያልቅ ከእነዚህ 12 ቁጥሮች አንዱ እንኳ ከተለየ ጌሙ ገና አልተሠራም።

ሰሌዳውን ማሽኑ ውስጥ ማኖር

አታሪ 2600 ላይ የሚሠሩ ሰዎች ለተለዋዋጭ ነገር ሁሉ የነበራቸው ራም 128 ባይት ብቻ ነው። ነጥቡ፣ የተጫዋቹ ቦታ፣ የጠላቱ ቦታ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ። እናንተ ከእነሱ ሰፊ ማሽን ላይ ናችሁ፣ ቢሆንም የአንድ ነገር ዋጋ ስንት እንደሆነ ሳታውቁ አትጻፉ። በዚህ ቤዚክ አንድ ተራ ቁጥር ያዥ ስም ለቁጥሩ ብቻ 4 ባይት ይወስዳል። ከስሙ ኋላ የመቶኛ ምልክት (%) ካደረጋችሁበት ሙሉ ቁጥር ብቻ ይይዛል፣ 2 ባይትም ይበቃዋል። 12ቱ ጉድጓዶች በመጀመሪያው መንገድ 48፣ በሁለተኛው 24 ባይት ናቸው። ገበጣ ውስጥ ግማሽ ጠጠር ስለሌለ ሁለተኛውን ያዙ።

የመጀመሪያው መሰናክል እዚህ ጋ ይመጣል። 12ቱን ቁጥሮች በአንድ ስም የሚይዘውን ረድፍ በዲም (DIM) ትእዛዝ አስቀድማችሁ ካላስታወቃችሁ፣ ቤዚክ በራሱ ከ0 እስከ 10 ያለ ቦታ ይሰጣችኋል። ጌሙ ገና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲያስቀምጥ፣ ጉድጓድ 11 ላይ ሲደርስ ከወሰን ውጭ ነው የሚል ስሕተት ሰጥቶ ይቆማል። ዲም ላይ የምትጽፉት ቁጥር 11 ነው፣ 12 አይደለም፤ 0ም ስለሚቆጠር።

ስለ መስመሮች ዋጋም ማወቅ ያለባችሁ አለ። እያንዳንዱ የኮድ መስመር ከይዘቱ ሌላ 5 ባይት ይበላል፤ 2 የሚቀጥለውን መስመር ለማመልከት፣ 2 ለመስመሩ ቁጥር፣ 1 ለማብቂያ። ሁለት መስመሮችን በሁለት ነጥብ ስታገናኟቸው 4 ባይት ታተርፋላችሁ። ፕሪንት የሚለው ቃል 5 ፊደል ቢሆንም ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው በ1 ባይት ነው፤ ቃል ማሳጠር ምንም አያተርፍም። ብዙ የሚበላው የማስታወሻ መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል 1 ባይት። እኛ የምንመክረው ማስታወሻውን ሁሉ ደብተር ላይ እንድትጽፉና ኮዱን ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን እንዳታጨናንቁት ነው። መስመሮችን የማገናኘት ሥራ የሚመጣው ጌሙ ትክክል ከሆነ በኋላ፣ በመጨረሻው ሳምንት ነው። ቀድሞ ያጨናነቀ ሰው ስሕተቱን ሲፈልግ ይውላል።

የመስመር ቁጥሮቹን በ10 እያራራቃችሁ ጻፉ፤ መሃል ላይ ለማስገባት። ቦታ ሲጠብባችሁ ሪናም (RENUM) የሚለው ትእዛዝ እንደገና ያራርቅላችኋል። በየ20 ደቂቃው ሴቭ (SAVE) አድርጉ፣ ሁልጊዜ በአዲስ ቁጥር፤ ስሙ በላቲን ፊደል ከ8 አይበልጥ። ከፋይሉ ስም በኋላ ነጠላ ሰረዝና «ኤ» (A) ፊደል ጨምሩበት፤ ያለዚህ ፋይሉ ቤዚክ ብቻ በሚያነበው ዓይነት ይቀመጣል፣ በሌላ ፕሮግራም ስትከፍቱት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ጠጠር ማደል

የጌሙ ልብ አንድ ንዑስ ክፍል ነው፤ ከ10 መስመር አይበልጥም። ጉድጓዱን ይቀበላል፣ ያለውን በእጅ ይይዛል፣ ጉድጓዱን ዜሮ ያደርጋል፣ እጁ እስኪያልቅ ድረስ አንድ አንድ ያድላል፣ ከዚያ የመጨረሻው ጉድጓድ ምን እንደነበረ ይጠይቃል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጉድጓዱን ዜሮ የምታደርጉት ከማደል በፊት ነው። ካደላችሁ በኋላ ካደረጋችሁት፣ 12 ወይም ከዚያ በላይ ጠጠር የነበረው ጉድጓድ ዞራ የተመለሰችውን ጠጠር አብሮ ይደመስሳል። ይህ ስሕተት በመጀመሪያዎቹ ተራዎች አይታይም፤ ጉድጓድ የሚሞላው ዘግይቶ ነው። «ባዶ ነበር ወይ» የሚለውንም ጥያቄ ጠጠሯን ከጣላችሁ በኋላ የምትጠይቁ ከሆነ የምታወዳድሩት ከ1 ጋር ነው፣ ከ0 ጋር አይደለም፤ አሁን የጣላችኋት ራሷ ውስጡ አለችና። ከ0 ጋር ያወዳደረ ኮድ ተራው መቼም አያልቅም።

ትክክለኛው ኮድም ቢሆን አንዳንድ አሰላለፍ ላይ ሳይቆም ሊዞር ይችላል። በእጅ ስንጫወት ሰው ይደክመዋል፣ ይሳቅና ይተዋል፤ ማሽኑ ግን አይደክመውም፣ ስክሪኑ የደረቀ ይመስላችኋል። ስንት ጊዜ እንዳነሣ የሚቆጥር አንድ ተለዋዋጭ ጨምሩና 200 ሲደርስ ተራውን ዝጉት።

ሌላ አንድ ጠባቂ አኑሩ። ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ የ12ቱን ጉድጓዶችና የሁለቱን ተጫዋቾች የተበላ ጠጠር ደምሩ። 48 ካልሆነ ጌሙ ወዲያው ይቁምና ሰሌዳውን ያሳያችሁ። ይህ ሁለት መስመር ስንት ቀን እንደሚያድን የሚገባው ያለሱ የሠራ ሰው ነው። ጌሙ ሲያልቅ አውጡት።

ፊደሉን መሳል

ከሥራው ሁሉ ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ቶምሰን ፒዲፒ-7 ላይ የሠራው ሥራ ይኸው ነው። የዚያ ዘመን ቤዚክ የኛን ፊደል አያውቀውም፤ የግዕዝ ፊደል የዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ «ገበጣ» የሚለውን ቃል ስክሪን ላይ ለማየት ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

ካሬው ደብተር ላይ 8 በ8 ክበቡ። ግራፊክስ ስክሪን 1 ላይ 320 በ200 ነጥብ ስላለ በአንድ መስመር 40 ፊደል፣ ቁመቱ 25 መስመር ይሆናል። የሚበራውን ካሬ አጥቁሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብላችሁ ሰይሙና የጠቆሩትን ደምሩ። «በ»ን እንውሰድ። የላይኛው ረድፍ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ካሬ ይጠቁራል፤ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4 እና 2 ሲደመሩ 126። ከሥሩ ያሉት ስድስት ረድፎች ሁለቱ እግሮች ብቻ ናቸው፤ 64 እና 2፣ 66። የመጨረሻው ባዶ፣ 0። እንግዲህ «በ» ለማሽኑ 126፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0 ነው። 8 ባይት።

«ቡ» ለማድረግ አራተኛውን ረድፍ ብቻ ከ66 ወደ 67 ለውጡት፤ ቀኝ እግሩ ወገቡ ላይ ቅጥያ አወጣ። «ቢ» ሰባተኛው ረድፍ 67 ሲሆን ነው። «ባ» ስድስተኛውና ሰባተኛው 2 ሲሆኑ፤ ግራ እግሩ አጠረ። ፊደል ገበታ ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ሥርዓት፣ ካዕብ ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ሥር፣ በቁጥር ሲጻፍ እንደዚህ ይታያል። ሁሉም ቤት ይህን ያህል ታዛዥ አይደለም፤ «ጨ» እና «ቋ» 8 በ8 ላይ ይጨናነቃሉ። ለእነሱ 16 በ16 ይሻላል፣ ግን ያ በፊደል 32 ባይት ነው። 231ዱን ፊደላት በ8 በ8 ብትስሉ 1848 ባይት፣ በ16 በ16 ደግሞ 7392 ባይት ነው፤ ሁለተኛው ገና ጌሙ ሳይጻፍ ገደቡን ይጥሳል።

ስለዚህ የምትፈልጉትን ብቻ ሳሉ። «ገበጣ»፣ «ተራ» እና «አሸነፈ» የሚሉትን ቃላት ለመጻፍ 9 ፊደል ይበቃል፤ 72 ቁጥር። ቁጥሮቹን ዳታ (DATA) በሚለው መስመር ስታስገቡ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቤዚክ የዳታ መስመርን እንደ ጽሑፍ ስለሚያስቀምጠው 126 ከነጠላ ሰረዙ ጋር 1 ሳይሆን 4 ባይት ይወስዳል። በመጨረሻው ሳምንት ቦታ ሲጠብባችሁ የምትደርሱበት የመጀመሪያ ቦታ ይህ ነው። ፊደል ላይ ፊደል ስትቀጥሉ ሙሉውን ከመድገም «የ‹በ› ዘር፣ አራተኛው ረድፍ 67» የሚል አጭር መንገድ መፈለግ አለባችሁ።

ለማሳየት ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር ከ128 ጀምሮ እስከ 1 ካሉት ጋር AND በሚለው የቤዚክ ቃል ፈትሹ፤ ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ነጥቧን አብሯት። በአንድ ፊደል 64 ፍተሻ ነው።

ፍጥነት

ቶሞሂሮ ኒሺካዶ እ.ኤ.አ. በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ ጃፓን ውስጥ የሚፈልገው ዓይነት መሣሪያ ስላልነበረ መሥሪያውንም ጭምር ራሱ ሠራ። ስክሪኑ ላይ 5 ረድፍ፣ በየረድፉ 11 ወራሪዎች አሉ። ማሽኑ 55ቱን በአንዴ ማንቀሳቀስ ስለሚከብደው አንድ በአንድ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ተጫዋቹ እየገደላቸው ሲሄድ የሚንቀሳቀሰው ቁጥር ስለሚቀንስ የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ኒሺካዶ ይህን አላስተካከለውም፣ የጌሙ ጭንቀት እንዲሆን ተወው። ማሽኑን ያወቀ ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ መወሰን ይችላል።

የእናንተ ችግር ተቃራኒው ነው። ዛሬ ያለው ላፕቶፕ 26ቱን ጠጠር ዓይን ሳይከተለው ያድላል። ባዶ ዙር አስገብታችሁ ለማዘግየት አትሞክሩ፤ ለአንዱ ላፕቶፕ ልክ የሆነው ለሌላው ይፈጥናል። ድሮ ብዙ ጌሞች አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ መጫወት የማይቻልባቸው የሆኑት በዚህ ነው። ታይመር (TIMER) የሚለውን ተግባር ተጠቀሙ፤ በየጠጠሯ 0.3 ሰከንድ ጠብቁ። ከላይ የሞከራችሁት ተራ 7.8 ሰከንድ ይወስዳል፣ በእጅ የማደል ያህል ነው። ታይመር የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ስለሆነ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ወደ 0 ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት የሚጠብቅ ጌም የማይመጣ ቁጥር እየጠበቀ ይቀራል። «ሰዓቱ ካነሰ ተወው» የሚል አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨምሩ።

ማሽኑን ተጫዋች ማድረግ

በሦስት እርከን ሂዱ። መጀመሪያ ማሽኑ ጠጠር ካለባቸው ጉድጓዶቹ አንዱን በዕጣ ይምረጥ። ራንደማይዝ (RANDOMIZE) የሚለውን በታይመር ካልጀመራችሁት ዕጣው በየጊዜው አንድ ዓይነት ነው፤ ጌሙን በከፈታችሁ ቁጥር ያንኑ ተራ ይደግማል። ስሕተት በምትፈልጉበት ሳምንት ይህ ይጠቅማል፣ ሆን ብላችሁ ተዉት። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ኬምብሪጅ ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ኢሊት የተባለው ጌም በዚህ ባሕርይ ላይ የቆመ ነው። ጌሙ የተጻፈበት ቢቢሲ ማይክሮ የተባለ ኮምፒውተር የነበረው 32 ኪሎባይት ስለሆነ ዓለሞቹን አላስቀመጡም፤ ከጥቂት መነሻ ቁጥሮች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆነው የሚወጡ 8 ጋላክሲዎች፣ በየጋላክሲው 256 ኮከብ አደረጉ። ብሬበን በኋላ ልጆች በርካሽ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩ ራስበሪ ፓይ ፋውንዴሽንን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

ሁለተኛው እርከን፣ ማሽኑ 6ቱንም ምርጫ ሞክሮ ብዙ የሚበላበትን ይያዝ። ከመሞከሩ በፊት ሰሌዳው ሌላ ረድፍ ላይ መገልበጥ አለበት፤ 24 ባይት። ሦስተኛው፣ የተቃዋሚውን መልስም ይይ፤ 36 መንገድ ነው። አንድ እርምጃ ስትጨምሩ 216፣ ሌላ ስትጨምሩ 1296 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። በዚህ ቤዚክ ንዑስ ክፍል የራሱ የተለየ ተለዋዋጭ የለውም፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው ቆጣሪ የመጀመሪያውን ቆጣሪ ይደመስሰዋል፣ ማሽኑም 6ቱን ሳይጨርስ ይመርጣል። ቆጣሪውን በደረጃ ቁጥር የሚለይ ረድፍ አድርጉት። ሁለት ደረጃ በቂ ነው፤ ገበጣ በደንብ የሚችል ሰው እስኪያስጨንቀው ድረስ ይጫወታል።

ስማችሁን አኑሩበት

አታሪ ጌም የጻፉ ሰዎች ስማቸው ካርትሪጁ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም ነበር። ዋረን ሮቢኔት አድቬንቸር በተባለው ጌሙ ውስጥ አንዲት የማትታይ ነጥብ ይዞ በግድግዳ ለሚያልፍ ተጫዋች ብቻ የሚከፈት ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ጻፈ፤ ሲገኝ እሱ ድርጅቱን ለቋል። ዴቪድ ክሬን፣ አላን ሚለር፣ ቦብ ዋይትሄድና ላሪ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1979 ከዚያው ወጥተው አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ የጸሐፊውን ስም በግልጽ ያወጡ ነበር። ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤሌክትሮኒካ 60 በተባለ ግራፊክስ የሌለው ማሽን ላይ ቴትሪስን የጻፈው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ደግሞ፣ መብቱ የመንግሥት ስለነበር፣ ከጌሙ የሚገባውን ክፍያ ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

እኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። በቅጥር ላይ ሆነው ወይም በትእዛዝ የሠሩት ሥራ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ ሥራችሁን የሚፈልግ ድርጅት ቢመጣ ኮዱን ከማስረከባችሁ በፊት መብቱ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ። ሦስታችሁም መካከል አንድ ገጽ ይኑር፤ ማን ምን እንደሠራ፣ ቀንና ፊርማ። የሦስታችሁን ስም በአማርኛ ፊደል ጌሙ መክፈቻ ላይ ለማኖር ስንት አዲስ ፊደል እንደሚያስፈልግ በሁለተኛው ሳምንት አስሉ፣ ባይቱንም አስቀምጡለት። በመጨረሻ ላይ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ስም ነው።

የካራቴካና የፕሪንስ ኦቭ ፐርዥያ ጸሐፊ ጆርዳን ሜክነር ገና ተማሪ ሳለ ጀምሮ የሥራ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። እናንተም በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዛሬ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተበላሸና ለምን፣ ኤፍ-አር-ኢ ስንት እንዳሳየ። ከ3ኛው ሳምንት በኋላ የመጨረሻው ቁጥር ብቻውን ሥራው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሲያልቅ ኮዱን ለሌላ ቡድን ስጡ። ዊል ክራውዘር ዋሻ መውረድ ይወድ ነበር፤ ከሚስቱ ከተለያየ በኋላ ለሴት ልጆቹ ብሎ የሚወርድበትን ዋሻ በቃላት ብቻ የሚያስጎበኝ ጌም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ጌሙን ያገኘው ዶን ዉድስ ጸሐፊውን ፈልጎ ኮዱን ጠየቀው፣ ክራውዘርም ሰጠው፤ ዉድስ በ1977 አስፍቶ ያወጣው ነው የተሰራጨው። ያንን የተጫወተችው ሮበርታ ዊሊያምስ ከባለቤቷ ከኬን ጋር የራሷን ጌም ወደ መሥራት ገባች፣ በ1980 የመጀመሪያውን አወጡ። ፍላሹ ላይ በ«ኤ» የተቀመጠውን ፋይል፣ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ከ12ቱ ቁጥሮች ጋር፣ እና የፊደሎቹን 8 በ8 ሥዕል አድርጉ። ተቀባዩ ቡድን መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ከጉድጓድ 0 ጀምሮ አንድ ተራ ተጫውቶ፣ ከመብላቱ በፊት 2፣ 7፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6፣ 6፣ 6፣ 0፣ 1፣ 6፣ 6 መምጣቱን ማየት ነው።